ተልባና ማሕፀን፤ ስለ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች የቀረበ ትችት

በእህልና በቅባት እህል ውስጥ የሴትን ሆርሞን፥ ማለት ኤስትሮጅንን፥ የሚመስል ነገር መኖሩ ከታወቀ ወዲህ በተልባ ላይ ሁለት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ተልባን ለማሕፀን በሽታ ሁሉ መድኃኒት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን መካን ያደርጋል ብሎ ያስፈራራል። እኛ ሁለቱም ሚዛን እንደማይደፉ ለማሳየት እንወዳለን።

የፍርሃቱ ምንጭ የበግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቤኔትስ፥ አንደርዉድና ሺር የተባሉ ሊቃውንት በምዕራብ አውስትራልያ አንድ ዐይነት ማገጥ አብዝተው የጋጡ በጎች መውለድ እንደ ተሳናቸው ጻፉ። በማገጡ ያለው ፎርሞኖኔቲን በበጓ ሆድ ውስጥ ኢኮል ወደሚባል፥ እንደ ኤስትሮጅን ወደሚሠራ ነገር ይለወጣል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሴት ማገጥ አትግጥም፤ የሚያመሰኳ ሆድም የላትም፤ የተልባውም ንጥረ ነገር ሊግናን የተባለ ሌላ ዐይነት ነው።

የመድኃኒቱም ወገን ቢሆን ማስረጃው ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 18 ጤነኞች ሴቶች በቀን 10 ግራም የተፈጨ ተልባ ሲበሉ ከወር አበባ ዑደታቸው ሁለተኛው ክፍል በአንድ ቀን ያህል እንደ ረዘመ አሳይቷል፤ እንቁላል መውጣቱም አልታጐለም። ይህ ፍርሃቱን ያቀልላል እንጂ ሕመምተኛን ይፈውሳል አያሰኝም።

በደብረ ማርቆስና በጮቄ ግርጌ ተልባ ተቈልቶ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦ ይቀርባል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ይበዛል፥ በፍስክ ይቀንሳል። ሊግናንን ወደ ኤንቴሮላክቶን የሚለውጡት በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ፍሬው ሲደቅም ይበልጥ ይደርሳቸዋል። እንግዲህ መጠኑና አሠራሩ ሳይጠየቅ «ተልባ ይጠቅማል» ወይም «ተልባ ይጐዳል» ማለት ፍርድ አይሆንም። ለጎጃም የሚበጀው ጥናት ሚዛን ይዞ ወጥ ቤት የሚገባው ነው።

ከዚህ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አመለከተ። የአዮዲን እጥረት ደግሞ ጽንስን ያስወርዳል፥ ሕፃንንም በማሕፀን ሳለ ይጐዳል። በአኩሪ አተር ያለው ኢሶፍላቮን የተባለው የእፅዋት ኤስትሮጅንም አዮዲን በጐደለበት አካል የእንቅርትን ዕጢ ሥራ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ አኩሪ አተርን ለምግብነት የሚያስተምሩ ሰዎች አዮዲን ያለበትን ጨው አብረው ማስተማር ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ የምንለው ለክርክር ብለን አይደለም። በአገራችን ልጅ ያልወለደች ሴት አስቀድሞ ጣት ይቀሰርባታል፤ ምክንያቱ ባልዋ ሊሆን እንደሚችል እንኳ አይታሰብም። አሁን ደግሞ «የበላሽው ነው» የሚል ሌላ ክስ በሳይንስ ስም ቢጨመርባት ግፍ ነው። የተማረ ሰው ወሬውን ከማራባቱ በፊት ይመዝን፤ ባልና ሚስቱም አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ እንላለን።