ሺላ ሸርሎክ፦ «የመጀመሪያዋ ሴት» ከሚለው ባሻገር

ስለ ብሪታንያዊቷ የጉበት ሐኪም ስለ ፕሮፌሰር ሺላ ሸርሎክ (እ.ኤ.አ. 1918–2001) የሚጻፉ ማስታወሻዎች ይመሳሰላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ያመለከቱባቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏቸውም፤ ኤድንብራ ገብተው በ1941 ተመረቁ፤ በ1959 ለንደን ውስጥ በሮያል ፍሪ የብሪታንያ የመጀመሪያዋ ሴት የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር ሆኑ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ካበቃ፣ ሴትዮዋ ምን ሠሩ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ስማቸው አብሮት ከሚነሳው ነገር እንጀምር፤ ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ማለትም ባዮፕሲ። ዘዴውን የፈጠሩት እሳቸው አይደሉም። ኢቨርሰንና ሮሆልም የተባሉ የዴንማርክ ሐኪሞች በ1939 አሳትመውበታል። የሸርሎክ ድርሻ ሌላ ነው። ጉበት ከሞት በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከሬሳ የተወሰደ ናሙና ስለ በሽታው ያሳስታል። በጦርነቱ ዘመን በሃመርስሚዝ ሆስፒታል ከማክማይክልና ከዲብል ጋር ሆነው፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ በሕይወት ካሉ ሕሙማን ናሙና እየወሰዱ በሽታው ጉበት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አዩ። በ1943 ውጤቱን አሳተሙ። መርፌው በእጃቸው የመለኪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ይቻላል።

መለኪያ ከሆነ ደግሞ እንደ መለኪያ እንፈትሸው። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። መርፌው 30 ሚሊ ግራም አወጣ እንበል። ይህ የጉበቱ 1/50,000 ነው። ጠባሳው በጉበቱ ሁሉ እኩል ካልተሰራጨ፣ መርፌው ደህናውን ቦታ ነክቶ «ምንም የለም» ሊያሰኝ ይችላል። መሐንዲስ በዚህ ብቻ ድልድይ አይፈርምም። ሸርሎክም በዚህ ብቻ አልቆሙም። በ1965 ከነዲቦራ ዶኒያክ ጋር፣ የሐሞት ቱቦዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠፋውን በሽታ በደም ውስጥ ባለ ፀረ እንግዳ አካል መለየት እንደሚቻል አሳዩ።

ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ግን የ1971ዱ ሙከራ ነው። ሰውነት የራሱን ጉበት በሚያጠቃበት የጉበት ብግነት 49 ሕሙማን ተመድበው፣ ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 22 ውስጥ 3 ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 27 ውስጥ 15 ሞቱ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ያሳየው የፕሮፌሰሯ ዝና ሳይሆን ይህ ንጽጽር ነው።

ማስታወሻዎቹ ዘለው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ ሞሪስ ፓፕዎርዝ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ በብሪታንያ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ ሃመርስሚዝን ጨምሮ፣ ሕሙማን በቅጡ ሳይነገራቸው ምርምር ይደረግባቸዋል ብለው ከሰሱ። ዛሬ የምንጠይቀው የፈቃድ ሥርዓት በ1940ዎቹ እንዳልነበረ እሙን ነው። ይህ ግን ጥያቄውን አያነሳውም። ጉበት ውስጥ የሚገባ መርፌ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ አንዳንዴም ይገድላል። አደጋውን የተሸከመው በሽተኛው፣ ስሙን ያገኘው ግን ተመራማሪው ነው።

ይህን መጻፍ ሸርሎክን ማሳነስ አይደለም። «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ማዕረግ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ይነግረናል። ከበሩ ወዲያ የተሠራውን ለመመዘን ግን መርፌውን፣ ቁጥሮቹንና አልጋው ላይ የተኙትን ስም የለሽ ሰዎች አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል።