ከማየት እስከ ማርቀቅ፤ ስለ መተማ ቈላና ስለ ረቂቅ ሥዕል

ረቂቅ ሥዕል በአገራችን አደባባይ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም ዛሬም በፊቱ ቆመው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍሩት ዘወትር የሚሰጡት ሁለት መልሶች ናቸው፤ አንደኛው «መሣል የማይችል ሰው የፈጠረው ማታለያ ነው» የሚለው፣ ሁለተኛውም «ያልገባህ ስላልሠለጠንህ ነው» የሚለው። ሁለቱም ሠዓሊው ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ረቂቁ የሄደበትን መንገድ አይመረምሩም። እኛ ግን ያንን መንገድ ከአንድ ከታወቀ ቦታ፣ ይኸውም ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቈላ ተነሥተን ለመመርመር እንሞክር።

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃ፣ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያስተውለው ዓይንን የሚያቆም ተራራ እየራቀ መሄዱን ነው። ምድሩ ይዘረጋል፤ ሰማዩ ይሰፋል፤ ሙቀቱም የሩቁን ነገር ጠርዝ ያቀልጠዋል። በበጋ የእጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ፣ ልጡም እንደ ወረቀት እየተላጠ፣ ባዶ ቅርንጫፉን ይዞ ይቆማል። በመኸር ጊዜ የሰሊጡ ነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ እንዲደርቅ በቁሙ ይተዋል።

ይህን አገር ለመሣል የተነሣ ተማሪ መጀመሪያ ቅርንጫፉን አንድ በአንድ ይቈጥራል። አይነቀፍበትም፤ ያልቈጠረ ሰው የትኛውን እንደሚተው አያውቅምና። የሆላንዱ ሠዓሊ ፒት ሞንድሪያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1912 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዛፍን ደጋግሞ ሥሏል። በመጀመሪያ ቀዩ ዛፍ ዛፍ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቀጥሎ ግራጫው ይመጣል፤ በመጨረሻም የሚያብበው የፖም ዛፍ የቀስት ቅርጽ ያላቸው መስመሮች ብቻ ይሆናል። ሥዕሎቹን በተራ ያየ ሰው ሠዓሊው ዛፉን እንዳልጣለው፣ ይልቁንም ጨምቆ እንዳስቀረው ይረዳል።

ለሰሊጡ ነዶም ምሳሌ አይታጣም። ዋሲሊ ካንዲንስኪ ገና የሕግ ሊቅ ሳለ፣ በ1896 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሞስኮ የፈረንሳዊውን የክሎድ ሞኔን የድርቆሽ ክምር ሥዕል አየ፤ ክምር መሆኑንም ወዲያው አላወቀም። ቢሆንም ቀለሙ ልቡን ያዘው። የሚታየው ነገር ስሙ ሳይታወቅ ሥዕሉ ሊነካን እንደሚችል ከዚያ እንደ ተረዳ በኋላ በጻፈው ትዝታው ተርኳል። ሞኔ ግን ክምሩን ደጋግሞ፣ በጧትም በማታም፣ በበረዶም በፀሐይም የተመለከተ ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም። ካንዲንስኪን ያስደነቀው ነጻነት ከሞኔ ትዕግሥት የተወለደ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ከአውሮፓው ይለያል። የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መነሻው የዓይን ምስክርነት አልነበረም። ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን በጎን ሲሥል፣ የሚሥለው መልክን ሳይሆን ፍርድን ነው። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉት የመላእክት ፊቶችም ከአንድ ሰው መልክ የተቀዱ አይደሉም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁበትን ጦርነት በዚሁ ልማድ የሣሉ ሠዓሊዎችም የወገንንና የጠላትን ፊት በዚያው ሕግ ለይተዋል። እንግዲህ በአገራችን እንግዳ ሆኖ የመጣው ከማርቀቅ ይልቅ በዓይን አይቶ መሣል ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን የዓይን ትምህርት በሥርዓት አስፋፋ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ ሥራው የፈረንጅ ነው ተብሎ ተነቅፎ ነበር። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ያስተዋለ ግን የስቅለቱ መከራ ከፊት ገጽታ ይልቅ በቀለምና በተጨመቀ ቅርጽ ሲነገር ያያል፤ ይህም ከአባቶቻችን ሥዕል የራቀ ነገር አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያንም በለንደንና በፓሪስ ከቆየ በኋላ የክታብን ምልክትና ዓይን በአዲስ መልክ አምጥቷል። ሁለቱም በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የመጡ አንዳንዶች ፍሬውን እንጂ ድካሙን አልወረሱም፤ ፊደልና መስቀል በቀለም መካከል በመበተናቸው ብቻ ሥራው ኢትዮጵያዊና ረቂቅ የሆነ ይመስላቸዋል። ይህ ማጌጥ እንጂ ማርቀቅ አይደለም።

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅን። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ሠዓሊ ይህን እንዴት ይሣል? እያንዳንዱን ፊት አጥርቶ ቢሥል የሰውን መከራ ለተመልካች ገበያ ያወጣ እንዳይሆን ይሠጋል። ሳያይ ቢያረቅቀው ደግሞ መከራው የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። መውጫው አንድ ይመስለናል፤ የሸክሙን ክብደት፣ የወገቡን መጕበጥ፣ የእርምጃውን መዘግየት በእርሳስ ደጋግሞ አጥንቶ፣ የማን እንደሆነ የሚናገረውን ትቶ እንዴት እንደሚከብድ የሚናገረውን ማስቀረት። ያን ጊዜ አንድ የጐበጠ መስመር የብዙ ሰው ታሪክ ሊሸከም ይችላል።

መምህራን ሆይ፤ ተማሪው አንዱን የእጣን ዛፍ ሃያ ጊዜ ይሣል፤ በየጊዜውም አንድ ነገር እንዲቀንስ፣ የቀነሰበትንም ምክንያት እንዲናገር ይጠየቅ። ምክንያቱን ካጣ ወደ ዛፉ ይመለስ። የሰሊጥ ገበሬ ያለጊዜው ቢያጭድ ፍሬው እንጭጭ ይሆንበታል፤ ቢዘገይ ይረግፍበታል። የሠዓሊም ጥበብ እንዲሁ ነው፤ ማየትን ትቶ ወደ ረቂቁ የሚሻገርበትን ሰዓት ማወቅ። ያን ሰዓት መጽሐፍ አይነግረውም፤ የሚነግረው ብዙ ያየ ዓይኑ ብቻ ነው።