ከ«አገር ስጠኝ» በፊት

ባለፈው ወር አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል ተማሪ ዋርድ በር ላይ አስቆመችኝ። «ዶክተር፣ እኔም ፖድካስት ልጀምር ነው። ማይክ የትኛው ይሻላል?» ገና ኢንተርን ነኝ፤ «ዶክተር» ስባል እስካሁን ማን መጣ ብዬ ዞር እላለሁ። ስልክሽና ጋቢ ይበቁሻል አልኳት። እኔ ሁልጊዜ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፣ ጋቢ ግን ይውጠዋል። ቀጥዬ «ጥያቄ ከጠየቅሽ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም ትያለሽ?» አልኳት። እየቀለድኩ መሰላት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እግረ መንገዴንም ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ።

ጓደኛዬም ፖድካስት አለው። ሃሪሰን የተባለውን የሕክምና መጽሐፍ አሳጥሮ ያነባል። ድምፁ የዜና አንባቢ ነው፤ 40 ደቂቃ አንዴም ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ተማሪው ታክሲ ውስጥም፣ ልብስ እያጠበም ይሰማዋል። አድማጩ ከእኔ እጥፍ እንደሚበልጥ አልደብቅም። ችግሩ ሰምተው ሲጨርሱ ሁሉም «ገባኝ» ማለታቸው ነው፤ ጠዋት ራውንድ ላይ ሲጠየቁ የገባቸው ነገር የለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ደጋግሜ አንስቼበታለሁ። የተሰጣቸውን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ከማንበብ ይልቅ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ጓደኛዬ «እሱ ለዓይን ነው፣ ለጆሮ አይሠራም» ይለኛል። ሦስት ዓመት ተከራክረናል፤ አሁንም እንከራከራለን።

የእኔ ፖድካስት 12 ደቂቃ ነው። አንድ ታማሚ፣ አንድ ጥያቄ፣ ከጥያቄው በኋላ 7 ሰከንድ ዝምታ። በ64 ኪሎቢት ሞኖ ሲቀመጥ 6 ሜጋባይት አይሞላም፤ በቴሌግራም ሲላክ የማንንም ፓኬጅ አይጨርስም።

ዕድሜዋንና አገሯን ቀይሬ በአንዱ ክፍል ያቀረብኳትን አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ። ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ልጅ ሳለች የያዛት የሩማቲክ ሕመም የልቧን ማይትራል ቫልቭ አጥብቦት ኖሯል። እዚህ ላይ ጠየቅሁ፦ ቫልቩ ከጠበበ ዓመታት አልፈውታል፤ ታዲያ ለምን አሁን? ከዚያ ዝም አልኩ። መልሱ ቀላል ነው። በእርግዝና የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ ልቧም ይፈጥናል። ልብ ሲፈጥን በጠባቡ በር ደም የሚያልፍበት የዲያስቶል ጊዜ ያጥራል። ሰዉ በዝቷል፣ በሩ ያው ጠባቡ ነው፣ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ደግሞ አጠረ፤ ያላለፈው ወደ ሳንባ ይመለሳል። ይህን እኔ ብነግራችሁ ነገ ትረሱታላችሁ። በሰባቱ ሰከንድ ውስጥ ራሳችሁ ከደረሳችሁበት፣ ወይም ሞክራችሁ ከተሳሳታችሁ፣ አትረሱትም።

ከዚህችው ሴት ሌላም ነገር ተምሬአለሁ። መጽሐፉ እንዳዘዘኝ «በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» አልኳት። «ትራስ የለንም» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። እሷ ራሷ ቀጠለች፦ «ግድግዳ ተደግፌ ነው የማድረው።» ኦርቶፕኒያ፣ ሲጋደሙ ትንፋሽ ማጠር፣ የሚባለው ይኸው ነው፤ የነገረችኝም እኔ ዝም ባልኩበት ነው።

ዝምታው ጣጣም አለው። መጀመሪያ ሰሞን ኤዲት ያደረገልኝ ልጅ ፋይሉን ኦዳሲቲ ውስጥ ከትቶ ዝምታ አሳጣሪውን ተጫነው። ሰባቶቹ ሰከንዶች ሁሉ ተበሉ። ጥያቄና መልሱ ተጣብቀው፣ እኔ ራሴን ጠይቄ ራሴ የምመልስ ቀባጣሪ መስዬ ወጣሁ። አንዳንድ ማጫወቻ አፕም በራሱ ዝምታን ይዘላል። ስለዚህ አሁን ባዶ ዝምታ አላስገባም። ጋቢውን ገልጬ፣ ምንም ሳልናገር የክፍሉን አየር እቀዳለሁ። አንዴ የጎረቤት ውሻ ገባበት፤ አላወጣሁትም። አንድ ልጅ ኋላ ላይ «መልሱ የመጣልኝ ውሻው ሲጮህ ነው» አለኝ።

ያልታሰበ ዝምታም ገጥሞኛል። የዚህ የቫልቭ ጥበት፣ የማይትራል ስቴኖሲስ፣ የልብ ድምፅ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነው፤ ታማሚዋን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ በስቴቶስኮፑ ደወል ነው የሚደመጠው። የታማሚ ልብ ቀድቼ መበተን ስላልፈለግሁ በአፌ አስመሰልኩት። ግማሹ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ምንም አይሰማም» ብሎ ጻፈልኝ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅ ያለ ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ ይህን ሳላውቅ ነው የለቀቅሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ልብ ሲሆን የመጀመሪያው ቃሌ «ኢርፎን አድርጉ» ነው።

ለዝምታ እንዲህ የምሟገተው ለምንድን ነው? እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ዘግይቶ የሚያስብ ሰው ነኝ። አንድ ኮንሰልታንት ነበሩን። ጣታቸውን ቀስረው ይጠይቃሉ፤ አፌን ሳልከፍት «ቀጣይ!» ይላሉ። መልሱ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እሳቸው ሦስተኛው አልጋ ጋ ሲደርሱ ነበር። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ የመምህራንን ትምህርት ቀድታ ይህን ጥድፊያ ለክታዋለች፤ ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድ እንዲጠብቁ ሲደረግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይመልሱ የሚቀሩትም ቀነሱ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ለዓመታት ደደብ ነኝ ብዬ ማመኔ አናደደኝ።

አያቴ ግን አትቸኩልም ነበር። ማታ ምድጃው ዳር «እንቆቅልህ» ትለኛለች፤ «ምን አውቅልሽ» እላለሁ። ከጠየቀችኝ በኋላ ፍሙን ትቆሰቁሳለች፣ ጀበናውን ታስተካክላለች፤ ፊቴን አታይም። ሲያቅተኝ ብቻ «አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ስንቴ እንደሰጠኋት! ጎንደር አልቆብኝ ወሎን፣ ወሎ አልቆብኝ ሐረርን ሰጥቻታለሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እኔ ሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ቀን አረፈች። የመጀመሪያውን ክፍል ሰምታ ነበር፤ ስለ ሕክምናው አንዱም አልገባትም። ዝምታው ላይ ሲደርስ ግን «ተዉት፣ እያሰበ ነው» አለቻቸው ለቤቱ ሰው።

ለተማሪዋ ይህን ሁሉ ዋርድ በር ላይ አልነገርኳትም፤ ተጠርቼ ሄድኩ። ትናንት የመጀመሪያ ክፍሏን ላከችልኝ። ስለ ሕፃናት ሳንባ ምች ነው፣ 9 ደቂቃ። ከጥያቄው በኋላ 2 ሰከንድ ዝም ብላለች። «ጨምሪ» ብዬ መለስኩላት።