የአንድ መሥመር መልስና የእረኛው መንገድ፤ ስለ ሂማቻል ፕራዴሽ የፈተና መጻሕፍት

በሕንድ ሰሜን፥ በሂማላያ ተራሮች ላይ የሚገኘው ሂማቻል ፕራዴሽ የተባለው ግዛት ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑትን ሰዎች በፈተና ይመርጣል። ከፈተናው አንዱ ክፍል ተወዳዳሪው ስለ ግዛቱ መልክዐ ምድር፥ ታሪክና ሕዝብ ያለውን ጠቅላላ ዕውቀት የሚመዝን ነው። ለዚህም ዝግጅት በጥያቄና መልስ የተጻፉ መጻሕፍት ታትመው ይሸጣሉ። የኢትኖሎጂ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። ሆኖም የነገው የአውራጃ ሹም፥ የደን ሹምና የግብር ጸሐፊ ስለሚያስተዳድረው ሕዝብ አስቀድሞ የሚያጠናው ከእነዚህ ስለ ሆነ፥ ይዘታቸው ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ ጥቅማቸውን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግዛቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1948 ዓ.ም. ሠላሳ ያህል ከሆኑ ትናንሽ የመሳፍንት አገሮች ተሰብስቦ መቋቋሙን፥ በ1966 ዓ.ም. የፑንጃብ ተራራማ ክፍሎች እንደ ተጨመሩለት፥ በ1971 ዓ.ም. 18ኛው የሕንድ ሙሉ ግዛት መሆኑን ያስተምራሉ። ስፋቱ 55,673 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ አውራጃዎቹ 12፥ በ2011 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ 6,864,602 መሆኑንም ይነግራሉ። እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው። ደግሞም ለሁሉ አንድ የሆነው አጭር መልስ መምህር መቅጠር ለማይችለው የገበሬ ልጅ ከከተሜው ልጅ ጋር እኩል የሚቆምበት መሰላል ነው፤ ፈታኙም ፊት አይቶ እንዳያዳላ ያግደዋል።

ጉድለቱ ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። ስለ አየር ጠባይ በሚናገረው ምዕራፍ፥ ብዙ ዝናም የሚጥለው የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዳራምሻላ ይባላል፤ እጅግ ጥቂት የሚጥለውስ የት ነው ሲባል ደግሞ ስፒቲ ይባላል። ሁለቱን መልሶች የሚያገናኝ ቃል ግን የለም። የክረምቱ ደመና ከደቡብ መጥቶ ከካንግራ ሸለቆ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በሚነሣው በዳውላዳር ተራራ ላይ ሲመታ፥ ዝናሙን በዚያው ያፈሰዋል። ከተራሮቹ ጀርባ ያሉት ላሁልና ስፒቲ ስለዚህ ደረቅ ሆነው ይቀራሉ። ተማሪው ሁለት የቦታ ስሞችን ሲሸመድድ፥ ሁለቱን አገሮች የሚያስተሳስረውን ምክንያት ሳያውቅ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ላይ ግን የአንድ ሕዝብ ኑሮ ቆሟል።

ጋዲ የተባሉት ሕዝቦች የጥንት አገራቸው በቻምባ የሚገኘው ባርሞር ነው፤ ከዳውላዳር ወዲህ በካንግራም በብዛት ይኖራሉ። በመንደራቸው እርሻ አላቸው፤ የበግና የፍየል መንጋቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ይጓዛል። በቅዝቃዜው ወራት በቆላማዎቹ የሺዋሊክ ኮረብታዎች ይሰማራል፤ ሙቀቱ ሲጀምር ወደ ደጋው ይወጣል። የክረምቱ ዝናም ሲቃረብም፥ ከፍታው 5,000 ሜትር ያህል በሆነው እንደ ኩግቲ ባለ የተራራ በር ተሻግሮ በረዶው ወደ ቀለጠለት፥ ዝናሙም ወደማይደርስበት ወደ ላሁል ይገባል። በእርጥብ አገር የከረመ በግ በበሽታ ይጎዳልና እረኛው ዝናሙን ይሸሻል። በመንገዱም ያለው ገበሬ መንጋው በማሳው ላይ እንዲያድርለት ይሻ ነበር፤ ስለ ፍጉም ለእረኛው እህል ይሰጠው ነበር። ይህ ሁሉ በፈተናው መጽሐፍ ጋዲዎች የሚኖሩት በቻምባ አውራጃ በባርሞር ነው በሚል አንድ መሥመር ያልቃል። ዓመቱን ለብዙ አገር የሚያካፍል ሕዝብ እንደ ዛፍ በአንድ ቦታ ተተክሎ ይታያል።

ሕዝብን በቦታ የመትከል ልማድ ወደ ሕግ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል የጋዲዎች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በሕንድ ሕገ መንግሥት መሠረት በመዝገብ ለተጻፉ ነገዶች በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ የተወሰነ ቦታ ይጠበቅላቸዋል። የባርሞር ጋዲዎች በዚህ መዝገብ ውስጥ ሲገኙ፥ በ1966 ዓ.ም. ከፑንጃብ ወደ ሂማቻል በተጨመረው በካንግራ ያሉት ወገኖቻቸው ግን ከመዝገቡ ውጪ ሆነው ቆዩ። በቋንቋና በዘር አንድ የሆኑትን የለያቸው፥ መንጋቸው በየዓመቱ የሚሻገረው የአስተዳደር ድንበር ነበር። ይህም ልዩነት የተወገደው ሕጉ በ2003 ዓ.ም. ሲሻሻል ነው።

የግጦሹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ ለእረኞች ፈቃድ ሲሰጥ የመንጋውን ቁጥርና የግጦሹን ቦታ ይወስናል። ቫሳንት ሳበርዋል በ1999 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ምዕራብ ሂማላያ እረኞችና ሹማምንት በሚናገረው መጽሐፉ፥ መንጋው ተራራውን ያጠፋል የሚለው የደን ሹማምንት ክስ በመሥሪያ ቤቶች መካከል ከነበረው ሽኩቻ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ አስረድቷል። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው ሹም፥ እረኛው ለምን እንደሚጓዝ ሳይማር ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ጉዳቱ የማን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

የዚህ አጻጻፍ ሥር ከእንግሊዞች ዘመን መዛግብት ይነሣል። ኤች. ኤ. ሮዝ ከ1911 እስከ 1919 ዓ.ም. ያሳተመው የፑንጃብና የሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ነገዶች መዝገብ ሕዝቦችን እንደ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። ነገር ግን ልጆቹ ከአባታቸው አንሰዋል። ከሮዝም በፊት ጄ. ቢ. ላያል ስለ ካንግራ የመሬት ግብር በጻፈው ሪፖርት፥ የግጦሹ መሬት የማን እንደ ሆነና እረኛው ለማን ምን እንደሚከፍል በዝርዝር አስቀምጧል፤ መንገዱን የማያውቅ ሰብሳቢ ግብሩን አያገኝምና። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ከእነዚህ መዛግብት ርእሱን ወርሰው ሐተታውን ጥለውታል። የባዕድ ገዥ ለጥቅሙ ሲል ያወቀውን፥ የአገሩ ተወላጅ ለማስተዳደር ሲዘጋጅ አያገኘውም።

ስለ በዓላት የሚናገረው ምዕራፍም ከዚህ አይሻልም። ዱሴራ የተባለው በዓል ስመ ጥር የሆነው የት ነው ቢባል መልሱ ኩሉ ነው። የተሻሉት መጻሕፍት በሌላው የሕንድ ክፍል በዓሉ ሲፈጸም በኩሉ እንደሚጀመርና ሰባት ቀን እንደሚቆይ ይጨምራሉ። ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ራጃ ጃጋት ሲንግ ራግሁናት የተባለውን አምላክ የአገሩ ገዥ አድርጎ ራሱን አገልጋዩ እንዳደረገ ይተረካል። ስለዚህ የየመንደሩ አማልክት በአልጋ ተይዘው ወደ ዳልፑር ሜዳ ሲመጡ፥ ጉዞው የእምነትም የግብርም መግለጫ ነበር። የትኛው አምላክ ከማን ቀድሞ ይሄዳል የሚለውም ነገር በመንደሮች መካከል ያለውን ክብርና ሥልጣን ይነካል። የኩሉን ስም ብቻ የሸመደደ ሹም፥ በዚህ ምክንያት ጠብ ቢነሣ እንደ ተራ ሁከት ሊያየው ይችላል።

መጻሕፍቱ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚቀበሉትም በዚያው መልክ ነው። በሮታንግ አጠገብ የተቆፈረው ዋሻ በ2020 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ርዝመቱ 9.02 ኪሎ ሜትር መሆኑ ተጨማሪ ጥያቄ ሆኗል። በየዓመቱ ለወራት በበረዶ ተዘግቶ ይከርም የነበረው ላሁል ከዋሻው በኋላ ኑሮው እንዴት እንደ ተለወጠ ግን አይነሣም።

ፈተናው ለብዙ ሺህ ሰዎች የሚሰጥ በመሆኑ ሐተታ ሊጠየቅበት አይችልም የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። መከራከሪያው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን አጭር መልስ የግድ ባዶ መልስ መሆን የለበትም። ከካንግራ ቆላ ተነሥቶ በባርሞር በኩል ወደ ላሁል የሚሻገር መንጋ በስንት ታላላቅ ወንዞች ተፋሰስ ያልፋል ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ አንድና የማያከራክር ነው፤ በሦስት፥ ይኸውም በቢያስ፥ በራቪና በቼናብ። ይህን ለመመለስ ግን ተማሪው ካርታውን፥ ወቅቱንና የእረኛውን መንገድ በአንድነት ማሰብ ይኖርበታል። የገበሬውም ልጅ መሰላሉን አያጣም፤ ምናልባትም የእረኛ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ከአዘጋጆቹ የሚፈለገው የገጽ ብዛት አይደለም። ዳራምሻላንና ስፒቲን፥ ባርሞርንና ካንግራን በየምዕራፉ ለያይተው ከሚያስቀምጡ፥ ሕዝቡ ራሱ እንደሚያገናኛቸው አገናኝተው ቢያስተምሩ ይበቃል። ያን ጊዜ ፈተናውን ያለፈው ወጣት ፈቃድ ሊጠይቀው ከፊቱ የቆመውን እረኛ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ዐውቆ ይቀበለዋል።