ግጥም በግጥም ሲመለስ

ከአዲጋላ እስከ ጅግጅጋ ባለው የሶማሌ ምድር፣ ለጀማሪ ገጣሚ ትልቅ ፈተና የሚሆነው «ሲልሲላድ» የተሰኘው የግጥም ሙግት ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይገባበታል። በአማርኛ ቤት የሚመታው በስንኝ ማብቂያ ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታው በቃል መነሻ ላይ ነው። ግጥሙ በ«ደ» ድምፅ ከተጀመረ በየስንኙ በዚያው ድምፅ የሚነሣ ቃል መኖር አለበት፤ መላሹም ድምፁን መልቀቅ የለበትም። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጋርዬ የተባለ ሶማሌ ገጣሚ ጎሰኝነትን ነቅፎ የጀመረው «ዴሌይ» የተሰኘ ሲልሲላድ በዚህ ሕግ የሄደ ነው፤ በካሴት እየተባዛ ብዙ ገጣሚዎችን አሟግቷል።

ደስ የሚለኝ የአድማጩ ዳኝነት ነው። ጥሩ ግጥም በቃል ይያዛል፤ የያዘውም ሰው ከማንበልበሉ በፊት የገጣሚውን ስም ይጠራል፣ ቃሉንም አይለውጥም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት አለ?