ስለ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፤ ከአትክልት ተራ የተነሣ አሳብ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ገና በጐልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለሚያነበው ሰው ግን ስለ ዘመናችን ገበያ የተጻፈ ይመስለዋል።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ አጭር ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራንም የሚያበዛው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ዐዋቂና ያላወቀ ሕዝብ ሲነግዱ፥ ያላወቀው ብዙ ቀን የደከመበትን ሰጥቶ በጥቂት ሰዓት የተሠራውን ይቀበላል። እንዲህ ያለው ሕዝብ ሰንደቅ ዓላማው ቢቆምም ለዐዋቂው ገባር ነው።

ይህ አሳብ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ጉድለት አለበት። ደራሲው የድኽነትን ምክንያት አብዝተው በሕዝቡ አለማወቅና በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ይጥላሉ። የአራዳን ታሪክ የተመለከተ ግን ሌላም ምክንያት ያገኛል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ የተነሣው ነጋዴው ስላላወቀ አይደለም፤ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን በያዙ ጊዜ ነጩን ከጥቁሩ ሊለዩ ወድደው ነው እንጂ። ጠላት ወጣ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። አንዱ መርካቶ፥ ሌላው ፒያሳ እየተባለ እስከ ዛሬ በጣሊያን ቃል ይጠራል።

ገበያን ማንሣት ቀላል ነገር አይምሰለን። በፒያሳ ብዙ ዘመን የቆየው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ለሽንኩርትና ለቲማቲም ቸርቻሪ የለመደው ቦታና ደንበኛው ከገንዘቡ የሚበልጥ መነገጃው ነው፤ ቦታውን ያጣ ዕለት ሀብቱን ከሥሩ ይጀምራል።

ታዲያ መጽሐፉ ተሳሳተን? አልተሳሳተም፤ ጐደለ እንጂ። አምስት ዓመት ብቻ የተያዘች ከተማ ይህን ያህል ምልክት ከተሸከመች፥ የባቡር ሐዲዳቸው ከማዕድኑ ወደ ባሕር ብቻ እንዲወስድ የተዘረጋባቸው፥ ረዥም ዘመን የተገዙት የአፍሪካ አገሮች ሸክም ምን ያህል ይሆን!

ይሁን እንጂ በደሉን ሁሉ በጠላት ላይ ጥሎ መቀመጥ ሌላ ስሕተት ነው። ጣሊያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቡናችን ግን አሁንም አብዛኛው ሳይቈላ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። በወንጌል የተነገረው ሰነፍ ባሪያ መክሊቱን አልሰረቀም፤ የተወቀሰው ሳይሠራበት እንደ ተቀበለ ስለ መለሰ ነው። ነጋድራስ የሚወቅሱን በዚሁ ነው፤ ስለዚህም መጽሐፋቸው በካህኑም በነጋዴውም ቤት ሊነበብ ይገባዋል።