ሊቁና ባለቅኔው በቶማስ አኲናስ የቁርባን መዝሙሮች

ሊቅነትና ባለቅኔነት በአንድ ሰው ላይ ሲያድሩ፥ አንዱ ሌላውን ሳይጫነው የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1264 ዓ.ም. የቅዱስ ቁርባንን በዓል ለምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ባወጀ ጊዜ፥ የበዓሉን ጸሎትና መዝሙር የደረሰው የዶሚኒካውያኑ መምህር ቶማስ አኲናስ እንደ ሆነ ይነገራል። ይኸው ሰው ስሙ የገነነው በፍልስፍናና በነገረ መለኮት መጻሕፍቱ ነው። ስለዚህ መዝሙሮቹን የሚመረምር አንባቢ፥ የሚዘምረው ባለቅኔው ነው ወይስ የሚያስተምረው ሊቁ? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

«ላውዳ ሲዮን» በተባለው ረጅም መዝሙር፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ድል ያደረገው ሊቁ ነው። ኅብስቱ ቢቈረስም በእያንዳንዱ ፍርፋሪ ሙሉው እንዳለ፥ ደጉም ክፉውም ቢቀበሉ ፍጻሜያቸው የተለያየ እንደ ሆነ በተራ ያስረዳል። ቤቱ በሚገባ ይመታል፤ ሰሚው ግን ከመምህር ፊት የተቀመጠ ተማሪ ይመስለዋል።

«ፓንጄ ሊንጓ» ከዚህ ይለያል። አጀማመሩንና የስምንትና የሰባት ቀለም ምጣኔውን የወሰደው ቬናንሲዮስ ፎርቱናቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት ስለ መስቀል ከደረሰው መዝሙር ነው። ይህም ነውር አይደለም፤ በእኛም አገር በቀደመ ዜማ ልክ አዲስ ማውጣት የተለመደ ነው። በአራተኛው ክፍል «ቃል» የሚለውን አንድ ጊዜ ለወልድ፥ አንድ ጊዜ ለአንደበት ንግግር ያውለዋል። ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ኅብር ነው ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ደቀ መዝሙር ቢሆን፥ ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ሁለተኛውን ፍች በውስጡ በሸሸገው ነበር፤ ቶማስ ግን ቃሉን ደግሞ ሁለቱንም በግልጥ ያሳያል። መምህርነቱ እዚህም አልለቀቀውም።

«አዶሮ ቴ» የእርሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። የማንም ይሁን የማን፥ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው። ተናጋሪው «እኛ» አይልም፤ «እኔ» ይላል። በቁርባኑ ፊት ዓይን፥ እጅና ምላስ ሲሳሳቱ የሚታመነው ጆሮ ብቻ መሆኑን ይመሰክራል። ያው ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ሊቁ ማስረጃ መደርደሩን ትቶ ከፈያታዊ ዘየማን ጋራ ለምኖ ቆሟል። ክርስቶስንም በደሙ ጫጩቶቹን በሚያድን ፔሊካን በተባለ ወፍ ይመስለዋል፤ ይህ ምሳሌ በግእዝ በተተረጐመው በፊሳልጎስ መጽሐፍም ስለሚገኝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መዝሙሩ ሲፈጸም፥ በመጀመሪያ የተነቀፈው ዓይን መጋረጃው ተገልጦለት ፊት ለፊት ለማየት ይለምናል።